ሾፌሩ የማን ሠራተኛ ነው?

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጥቂቶቻችን ከድሬዳዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ጀልዴሳ ወርደን ነበር። እዚያም የአንዱ ጓደኛችን ታላቅ ወንድም፣ የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት፣ ከኪሱ ሁለት ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልን። ወረቀቶቹን የሰጠው ሾፌሮችን ለጭነት ድርጅቶች የሚያቀርብ አንድ ኤጀንሲ ነው። አንደኛው «የሥራ ውል» ይላል፤ ሁለተኛው «የአገልግሎት ውል» ይላል። የሚነዳው መኪና ያው ነው፤ መንገዱም ያው ከጂቡቲ ወደብ ወደ መሀል አገር ነው፤ ክፍያውም በሁለቱም ላይ በወር 12,000 ብር ነው። ልዩነቱ፣ በመጀመሪያው ወረቀት ግብርና የጡረታ መዋጮ ይቆረጣል፤ በሁለተኛው ምንም አይቆረጥም።

«እስከ ነገ ጧት መርጠህ ና ተብያለሁ። እናንተ የተማራችሁ ናችሁና የትኛውን ልፈርም?» ብሎ ጠየቀን።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የሚያረካ መልስ አልሰጠነውም። ከመካከላችን አንዱ «የማይቆረጥበት ይሻላል» አለ፤ ሌላው «መንግሥት በኋላ ይጠይቅሃል» አለ። ነገሩን ያቀኑልን የቤቱ ሽማግሌ ናቸው። «ወረቀቱ ይቆይ» አሉ። «መኪናው ቢገለበጥ፣ ልጁ እግሩን ቢሰበር፣ የሚጠየቀው ማን ነው?» ከዚህ በታች የጻፍነው ሁሉ የዚህ የሽማግሌው ጥያቄ ማብራሪያ ነው። ከተመለስን በኋላ የሕግ ትምህርት የሚከታተሉ ጓደኞቻችንን ጠይቀን፣ አዋጆቹንም አገላብጠን ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ከእናንተ መካከል ሾፌር ወንድም ወይም አባት የሌለው ጥቂት ነውና ነገሩ የሁላችንም ነው።

የሽማግሌው ጥያቄ ከጀልዴሳ መነሣቱ አላስገረመንም። ጀልዴሳ የባቡር ሐዲድ ሳይዘረጋ፣ ድሬዳዋም ከተማ ሳትሆን፣ ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወስደው የነጋዴዎች መንገድ ዋና ማረፊያ ነበረች። ግብፆች ሐረርን ይዘው በቆዩበት ዘመን፣ ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም.፣ ኬላ ነበረች፤ ከዚያም በኋላ ቀረጥ ይሰበሰብባት ነበር። በቆላው በኢሳ ግመሎች ተጭኖ የመጣው ዕቃ እዚህ ይራገፍና ወደ ደጋው በሌላ ከብት ይወጣ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ተከትሎት ሄደ፤ ጀልዴሳም ጸጥ አለች።

በዚያ መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የግመሎቹ ባለቤት ነው፤ ግመሎቹን ያከራያል፣ ኪራዩን ይደራደራል፣ ግመል ቢሞት ኪሳራው የራሱ ነው። ሁለተኛው ተቀጥሮ ግመል የሚነዳው ነው፤ ንብረቱ ጉልበቱ ብቻ ሲሆን ሂድ ሲባል ይሄዳል፣ ቁም ሲባል ይቆማል። ሦስተኛው አባን የሚባለው ነው፤ ነጋዴውንና አገሩን የሚያገናኝ ሲሆን በሚያገኘው ዋጋ ፈንታ ለሰውም ለዕቃም ደኅንነት ተጠያቂ ይሆናል። እንግዲህ የዛሬው የጭነት መኪና ባለቤት በግመል ባለቤቱ ቦታ፣ ቅጥር ሾፌሩ በግመል ነጂው ቦታ፣ ኤጀንሲውም በአባኑ ቦታ ቆሟል ብንል ከእውነት አንርቅም። አንድ ልዩነት ግን አለ። አባኑ ያለ ኃላፊነት ዋጋ አይቀበልም ነበር። ለወጣቱ የቀረበው ሁለተኛው ወረቀት ግን ኤጀንሲውን ዋጋ ተቀባይ አድርጎ ከኃላፊነት ነፃ የሚያወጣ፣ ግመል ነጂውንም ያለ ግመል የግመል ባለቤት ብሎ የሚጠራ ነው።

አሁን ሕጉ ወደሚለው እንለፍ። በአገራችን የሥራ ውልን በዘመናዊ መልክ የደነገገው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ተከታትለው ወጥተዋል። ዛሬ የሚሠራበት በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የሥራ ውል አለ የሚባለው አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው፣ በአሠሪው መሪነት ሥር ሆኖ፣ ለአሠሪው ሥራ ለመሥራት ሲስማማ ነው። ከአዋጁ ውጭ ከሚሆኑት መካከል ደግሞ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራ ሰው ይገኝበታል። ሁለቱን የሚለየው የወረቀቱ ርዕስ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የሚለየው በማን መሪነትና በማን ኃላፊነት እንደሚሠራ ነው።

የገቢ ግብር ሕጉም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ተቀጣሪን የሚተረጉመው በሌላ ሰው መመሪያና ቁጥጥር ሥር አገልግሎት የሚሰጥ ሰው በማለት ነው፤ ቅጥሩ ቋሚም ቢሆን ጊዜያዊም ቢሆን ለውጥ የለውም። ራሱን የቻለ የሥራ ተቋራጭ የሚባለው ግን ሥራው የሚከናወንበትን መንገድ በአብዛኛው ራሱ የመምራትና የመቆጣጠር ሥልጣን ያለው ነው። ስለዚህ «ለግብር ጉዳይ ነጋዴ፣ ለትእዛዝ ጉዳይ ሠራተኛ» የሚባል ሰው በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም።

ኤጀንሲውስ ምንድር ነው? አዋጅ 1156 ለግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ሁለት ዓይነት አገልግሎት ይፈቅዳል። አንደኛው ማገናኘት ብቻ ነው፤ ኤጀንሲው አሠሪንና ሠራተኛን ያስተዋውቃል፣ በውሉ ግን አይገባም። በዚህ ጊዜ የሾፌሩ አሠሪ የጭነት ድርጅቱ ነው። ሁለተኛው ኤጀንሲው ራሱ ከሠራተኛው ጋር የሥራ ውል ተዋውሎ፣ ሠራተኛውን በራሱ ሥር እንደያዘ ለተጠቃሚ ድርጅት ማሰማራት ነው። በዚህ ጊዜ አሠሪው ኤጀንሲው ነው። በሁለቱም መንገድ ሾፌሩ አሠሪ አለው፤ ኤጀንሲው ወደ ድርጅቱ፣ ድርጅቱ ወደ ኤጀንሲው እያመለከተ ሾፌሩን መሀል ሜዳ ላይ የሚያስቀርበት ሦስተኛ መንገድ በሕጉ አልተጻፈም። ከዚህም ሌላ ኤጀንሲው ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም። ይህ ሐሳብ አገራችን በ1991 ዓ.ም. ካጸደቀችው ከዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 ጋር የሚስማማ ነው።

እንግዲህ አንድ ሾፌር ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው። መኪናው የማን ነው? ጭነቱን የሚመርጠውና ኪራዩን የሚደራደረው ማን ነው? የመነሻና የመድረሻ ሰዓት የሚወስነው ማን ነው? ነዳጅ፣ ጎማና ጥገና የሚችለው ማን ነው? ዛሬ አልሄድም ብል፣ ወይም በእኔ ፈንታ ሌላ ሾፌር ብልክ ይፈቀድልኛልን? ጉዞው ቢያተርፍ ትርፉ፣ ቢከስር ኪሳራው የማን ነው? የጀልዴሳው ወጣት ለእነዚህ ሁሉ የሰጠን መልስ አንድ ነበር፦ «የእነሱ»። መኪናው የድርጅቱ ነው፤ ጉዞውን የሚያዘው ስምሪት ክፍሉ ነው፤ የእርሱ ረዳት እንኳ የሚመደብለት በድርጅቱ ነው። ታዲያ ይህ ሰው ነጋዴ የሆነው በምኑ ነው?

ከዚህ ቀጥለን ገንዘቡን እናስላ፤ ወጣቱን የሳበው ገንዘቡ ነውና። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የተሻሻለ ስሌት መሠረት ከደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። እያንዳንዱ መቶኛ የሚያርፈው በየእርከኑ በሚገኘው ገንዘብ ላይ ብቻ እንጂ በጠቅላላው ደመወዝ ላይ አይደለም። የ12,000 ብር ደመወዝ ግብር እንግዲህ 300፣ 600፣ 750 እና 600 ሲደመር 2,250 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለት 840 ብር ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ 8,910 ብር በእጁ ይገባል።

በሁለተኛው ወረቀት 12,000 ብር ሙሉውን ይቀበላል። በወር የ3,090 ብር፣ በዓመት የ37,080 ብር ልዩነት መሆኑ ነው። ለድኻ ቤተ ሰብ ይህ ትንሽ ገንዘብ አይደለምና የሚጓጓለትን ሰው አንወቅሰውም። ነገር ግን ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳንሆን የሚቀረውንም እንቁጠር።

በመጀመሪያ ግብሩ አልቀረም፤ የሚያሳውቀውና የሚከፍለው ሰው ተለወጠ። አሠሪ ከደመወዝ ላይ ቀንሶ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት ማስገባት ግዴታው ነው። «ነጋዴ» የተባለው ሾፌር ግን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ይዞ፣ ገቢውን ራሱ አስታውቆ፣ እንደ ደረጃው የሚደርስበትን ግብር ራሱ ሊከፍል ነው። ሳያስታውቅ ዓመታት ቢያልፉ ከነወለዱና ከነቅጣቱ የሚጠየቀው እርሱ ነው። በየወሩ ያልተቆረጠው ግብር ሁሉ ትርፍ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጡረታው ይቀራል። በ2014 ዓ.ም. በወጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምራል። በእኛ ምሳሌ የአሠሪው ድርሻ በወር 1,320 ብር፣ በዓመት 15,840 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ለሾፌሩ አልተሰጠም፤ በአሠሪው ካዝና ቀርቷል። ኤጀንሲው ሁለተኛውን ወረቀት የሚወድበት አንዱ ምክንያት ከዚህ ላይ ይገለጣል። ሾፌሩም በስድሳ ዓመቱ የአሥር ዓመት አገልግሎት ቁጠሩልኝ ቢል የሚቆጠርለት ወር አይገኝም።

ሦስተኛ፣ የሥራ ሰዓትና ዕረፍት ይቀራል። ለሠራተኛ መደበኛው ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚህ ያለፈ ሥራ በቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሌሊት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል፤ ትርፍ ሰዓቱም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ ያርፋል። «ነጋዴ» ለተባለ ሾፌር እነዚህ የሉም። እንቅልፍ ያጣ ሾፌር በአዋሽና በአፋር በረሃ ሲነዳ የሚጎዳው ደግሞ እርሱ ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ላይ ያለነው ሁሉ ነን።

አራተኛውና ዋናው የሽማግሌው ጥያቄ ነው፤ ልጁ እግሩን ቢሰበርስ? በአዋጅ 1156 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። የሕክምናውን ወጪ ይችላል። ሠራተኛው ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። ወጣቱ ስድስት ወር ቢተኛ፣ ከሕክምናው ሌላ፣ 36,000 እና 27,000 በድምሩ 63,000 ብር ያገኛል ማለት ነው። በሁለተኛው ወረቀት የሚያገኘው ባዶ ነው፤ መኪናውንም ስለ ጎዳ ክፈል ሊባል ይችላል። ዓመት ሙሉ ያተረፈው የመሰለው 37,080 ብር ከዚህ ጋር ይመዘን።

ይህን ስንል ራስን ችሎ መሥራትን እንደ ክፉ ነገር እየቆጠርን አይደለም። የራሱ አይሱዙ ወይም ተሳቢ ያለው፣ ከሦስትና ከአራት ደንበኛ ጋር በራሱ ዋጋ የሚዋዋል፣ ጭነት አልስማማህ ሲለው የሚተው ሰው በእርግጥ ነጋዴ ነው፤ እንደ ነጋዴ ፈቃድ ማውጣት፣ ሒሳብ መያዝ፣ መኪናውንም ራሱንም መድን ማስገባት ይገባዋል። ኪሳራውን የሚችል ትርፉንም ያገኛልና ፍትሕ አለው። የምንቃወመው ትርፉን ሳይሰጡ ኪሳራውን ብቻ ማሸከምን ነው።

«ከፈረመስ በኋላ ምን ይደረጋል?» የሚል ይኖራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ተቻኩሎ የተፈረመ ወረቀት ሁሉንም ነገር አያስርም። ሠራተኛ መሆን አለመሆን የሚወሰነው በእውነተኛው አሠራር ነውና ጉዳዩ ለሥራ ክርክር ሰሚ አካል ሊቀርብ ይችላል። የዓለም ሥራ ድርጅትም በ1998 ዓ.ም. ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 198 የሥራ ግንኙነት መኖሩ በዋነኛነት በፍሬ ነገሩ እንጂ በተሰጠው ስም እንዳይመዘን መክሯል። በእንግሊዝ አገርም ኡበር የተባለው ኩባንያ ሾፌሮቹን ራሳቸውን የቻሉ ተቋራጮች ናቸው ብሎ ሲከራከር፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ዓ.ም. የውሉን ቃል አልፎ አሠራሩን በመመርመር ሾፌሮቹ የሠራተኛ መብት አላቸው ሲል ፈርዷል። ነገር ግን ጊዜ ይሮጣል። በእኛ አዋጅ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ በሦስት ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ስለዚህ ለሾፌር ወንድሞቻችን የምንመክረው አጭር ነው። ኤጀንሲው ፈቃድ እንዳለው፣ አሠሪ ሆኖ የሚዋዋለው እርሱ ወይም ድርጅቱ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ሥራ ለማግኘት ገንዘብ ክፈሉ ብትባሉ አትክፈሉ። የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ባይሰጣችሁም መብታችሁ አይጠፋም። ደመወዝና የጉዞ አበል በውሉ ላይ ተለይተው ይጻፉ፤ ጡረታው የሚታሰበው በደመወዙ ነውና ደመወዙ አንሶ አበሉ እንዳይገን ተጠንቀቁ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ። የስምሪት ወረቀት፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የትእዛዝ መልእክት ሁሉ አትጣሉ፤ የሚያዛችሁ ማን እንደ ነበረ የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው።

የጀልዴሳው ወጣት በማግሥቱ ከእኛ የሰማውን ያህል ይዞ ወደ ኤጀንሲው ሄደ። «መኪናው የእናንተ ደንበኛ ሆኖ ሳለ እኔን ነጋዴ የምትሉኝ ለምንድር ነው? የመጀመሪያውን ልፈርም» አላቸው። የተሰጠው መልስ «የመጀመሪያው ቦታ ሞልቷል፤ ሁለተኛውን ካልፈለግህ ሌላ ሾፌር ሞልቷል» የሚል ነበር። አልፈረመም፤ እስከ ዛሬም በከተማ ውስጥ ባጃጅ እየነዳ ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ይህን ውጤት ሳንደብቅ የምንጽፈው፣ መብትን ማወቅ ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን እኛም ስለ ተማርን ነው። ምረጥ የተባለው ወጣት በእውነት ምርጫ አልነበረውም፤ ብቻውን ነበረና። አዋጁ ግን በአንድ ድርጅት አሥርና ከዚያ በላይ የሆኑ ሠራተኞች ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ በኅብረት እንዲደራደሩ ይፈቅዳል። ሁለተኛው ወረቀት ከሾፌሩ የሚወስደው አንድ ሌላ ነገር ይህ ነው፤ «ነጋዴ» የተባለ ሰው በሠራተኛ ማኅበር ሊገባ አይችልምና። በ1956 ዓ.ም. የሥራ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 የማኅበር መብትን በሕግ ካጸና ወዲህ ይህ መብት በብዙ ድካም እየተጠበቀ እዚህ ደርሷል። በአንድ ወረቀት ርዕስ ሊጠፋ አይገባም።

እኛም በበኩላችን የሕግ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራቸው ሲመለሱ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከሾፌሩ ጋር ቁጭ ብለው እንዲያነቡ ኅብረታችን እንዲያሰማራቸው እናሳስባለን። አንድ ሰው «እስከ ነገ ጧት ምረጥ» ሲባል፣ ያችን አንድ ሌሊት አብሮት የሚያነብ ሰው አይጣ።